ለታናሽ ወንድሜ ነው

ውሻ ታመመብኝ ብሎ ከጥምቀት የሚቀር ሰው ሽንፋ ውስጥ አይገኝም። እኔም አልቀረሁም። ይህን የምጽፈው ግን «ምነው ቀርቼ በነበር» ለማለት አይደለም። እንዲያ እያልኩ ዓመታት ከርሜአለሁ፤ በዓሉን፣ ጭፈራውን፣ ጎንደር ላይ የበላሁትን ምሳ ሳይቀር ስረግም ኖሬአለሁ። የረገምኩት ያለ ጥፋቱ ነው። ሰው በዓመት አንዴ ወጥቶ ቢደሰት ኃጢአት የለበትም። የእኔ ኃጢአት ገና ከቤቴ ሳልወጣ የተሠራ ነው። ሁለት ውሸት ነው፤ አንዱን ለማላውቀው ሰው፣ አንዱን ለጎረቤቴ የዋሸሁት።

ሽንፋ የገባሁት በመምህርነት ተመድቤ ነው። የመተማን ቆላ ለማያውቅ ሰው መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ክረምት ላይ ጫማ ይዞ ያስቀራል፣ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሕዝቡ የሚኖረው በሰሊጥ፣ በማሽላና በጥጥ ነው። ሰሊጡ ሲደርስ ከደጋው የቀን ሠራተኛ ይጎርፋል፤ አጨዳው ሲያልቅ ደግሞ አገሩ ጭር ይላል። ሠራተኛው ደመወዙንና ብርድ ልብሱን ይዞ ይመለሳል፤ ያልታደለው ወባ ወይም ካላዛር ተሸክሞ ይመለሳል። ውሻ ይዞ የሚመለስ ግን የለም። የእርሻ ካምፕ ሲጠብቁ የከረሙት ውሾች እዚያው ይቀራሉ፤ ከነሱ አንዱ ቡላ ነበር። ቡችላነቱን ገና ሳይጨርስ ወደ ቤቴ ወሰድኩት። ስሙን ያወጣለት ቀለሙ ነው።

ዓመት ካለፈው በኋላ አንድ ሌሊት ከደጃፌ የሚንኳኳ ነገር ሰማሁ። ስወጣ ቡላ በጎኑ ወድቋል፤ ጭንቅላቱ ከበሩ ጋር ይጋጫል፣ አራቱም እግሮቹ አየር ይቀዝፋሉ፣ አፉ አረፋ ይደፍቃል፣ ሽንቱን ለቋል። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ለእኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ መሰለኝ። ሲነሳ አላወቀኝም። ከአጥሩ ጋር ተጋጨ፣ ግቢውን ዞረ፣ ከዚያ የውሃ ሣህኑን አግኝቶ እስኪያልቅ ጠጣ። ጠዋት ላይ ጅራቱን እየቆላ ቁርስ ጠየቀኝ።

ለማንም አልተናገርኩም። እንደኛ ባለ አገር አረፋ የደፈቀ ውሻ ስሙ አንድ ነው፤ እብድ ውሻ። ያ ፍርሃት ካለማወቅ የመጣ ነው የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰውም ሆነ ውሻ አይተርፍም ማለት ይቻላል፤ ይህን በዓይኑ ያየ ቤተሰብ ብዙ ነው። ሰው የሚፈራው ያየውን ነው። ስለዚህ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ውሻዬን ከድንጋይ ያተረፈ መስሎኝ ነበር።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የተማረ ጓደኛ አለኝ። ደወልኩለት። የጠየቀኝ ጥያቄ ሁሉ ቀላል ነበር፦ ከወደቀ በኋላ ይነሳል? ይበላል? ወደ ራሱ ይመለሳል? «ያበደ ውሻ ከጀመረው ወደ ኋላ አይልም፤ በ10 ቀን ውስጥ ይሞታል። የአንተው ተነስቶ ቁርስ ጠይቋል» አለኝ። ውሾችን እንደ ሰው የሚጥል በሽታ እንደሚይዛቸው፣ ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ ስድስት ዓመት ባለው ዕድሜያቸው እንደሚጀምር፣ እንደማይድን፣ ግን እንደሚያዝ ነገረኝ። መድኃኒቱም ያው ሰው የሚወስደው ፊኖባርቢታል ነው። «ግን ከመጀመርህ በፊት አስብበት» አለኝ። «ጠዋትና ማታ ነው፤ ዕድሜ ልኩን። ጀምረህ በድንገት ካቆምክ ከአለመጀመር ይብሳል። ሰውነቱ ይለምደዋል፤ ሲያጣው ተደራርቦ ይጥለዋል።»

መድኃኒቱንና መጠኑን ጽፎ የላከልኝን ወረቀት ይዤ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ወረቀቱን የተቀበለኝ ሰው አነበበና «ለማን ነው?» አለኝ።

«ለታናሽ ወንድሜ ነው» አልኩት።

ለምን? «ለውሻዬ» ብል ይስቅብኛል ብዬ ነው። ከሳቁም በስተጀርባ ሌላ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው የፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና የባልደረቦቻቸው የቡታጅራ ጥናት ከ1000 ሰው 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት፣ ከነዚያም ሕክምና ያገኘው በጣት የሚቆጠር እንደነበር አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቢለወጥም፣ በየገጠሩ ልጁን «ርኩስ መንፈስ ነው» ብሎ የሚደብቅ፣ በወደቀ ቁጥር ክብሪት ጭሮ የሚያሸት ቤተሰብ ዛሬም አለ። ያንኑ ክኒን እኔ ለውሻ ልገዛ መጥቻለሁ። አፍሬ ነበር፤ ማፈሬም መሠረት ነበረው። የሚገባኝ ግን እውነቱን ተናግሮ፣ ለሰው የሚበቃ ካለ መግዛት፣ ከሌለ መመለስ ነበር።

«ክብደቱ ስንት ነው?»

«18 ኪሎ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ሕፃን ነው እንዴ?»

«የመጨረሻ ልጅ ነው።»

ሰውዬው ፊቱ ተለወጠ። መድኃኒቱን አውርዶ አጠገቤ መጣና፣ ልጁን ከትምህርት ቤት እንዳናስቀረው፣ ክብሪት እንዳናሸትተው፣ እሳት አጠገብ ብቻውን እንዳንተወው፣ እናቴ «እርግማን ነው» ብላ እንዳትጨነቅ አንድ በአንድ መከረኝ። ለሌለ ልጅ እንዲያ አዘነ። እኔ ራሴን እየነቀነቅኩ ሰማሁት፤ አመስግኜው ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ኑሮዬ በ12 ሰዓት ተገመሰ። ጠዋት 12 ሰዓት አንድ ተኩል ክኒን፣ ማታ 12 ሰዓት አንድ ተኩል ክኒን፤ ግማሹን በምላጭ እየከፈልኩ፣ ዳቦ ውስጥ ደብቄ። መጀመሪያ አካባቢ ቡላ እንደሰከረ ይንገዳገድ ነበር፤ ኋላ ተላመደው፤ ብቻ ሆዱ የማይጠግብ፣ ጥሙ የማይቆርጥ ሆነ። እኔም ተላመድኩ። መተማ ዮሐንስ ወርደን ፉል በልተን የሱዳን ዘፈን እየሰማን ጨዋታው ሲሞቅ ተነስቼ መኪና መፈለግ እጀምራለሁ። ተማሪ ይዘን አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መጋቢት ላይ የወደቁበትን ምድር ልናሳይ ስንሄድም የእኔ ዓይን ሰዓቴ ላይ ነበር። ምክንያቱን ስለማያውቁ ባልደረቦቼ «ዶሮ» የሚል ስም አወጡልኝ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቤቱ የሚገባ። ሳቅኩላቸው። ያኔ እንኳ አልነገርኳቸውም።

ቡላን ይዤው የምወጣበት ቦታ አንድ ነበር፤ ወንዙ። ሽንፋ ወንዝ ወደ ሱዳን ተሻግሮ ራሃድ ተብሎ ከዓባይ ጋር የሚገናኘው ነው። በጋ ላይ መፍሰሱን ትቶ በየቦታው የተቋጠረ ኩሬ ይሆናል፤ ዓሣው መውጫ ያጣል፣ ልጆች በቀላሉ ይይዙታል። እሑድ እሑድ እዚያ ሄደን ዓሣ እንጠብስ ነበር። እዚህ ላይ ከርዕሴ ልውጣ። መጋቢት 2016 ላይ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት እዚያው ሽንፋ ወንዝ ዳር የተቆፈረ የጥንት ሰዎች ሰፈር ይፋ አድርጎ ነበር። የዛሬ 74,000 ዓመት አካባቢ ሱማትራ ላይ የፈነዳው የቶባ እሳተ ገሞራ አመድ ቅንጣት እዚያ ሰፈር ውስጥ ተገኝቷል፤ ከዚያ በኋላ ሰዎቹ ከቀድሞው ይልቅ ዓሣ በብዛት መብላታቸውን አጥንቱ ያሳያል። በጆን ካፕልማን የተመራው ቡድን እንዳለው፣ በበጋ ኩሬ ውስጥ የታሰረ ዓሣ ይይዙ ነበር። ሳነበው ብቻዬን ሳቅኩ፤ የእሑድ ሽርሽራችን እንዲህ ያረጀ መሆኑን አላውቅም ነበር። ቡላም ሌሎቹ ውሾች ውሃ ውስጥ ሲዘሉ በገመድ ይዤው ዳር ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ውሃ ውስጥ ቢጥለው እንደሚሰጥም ጓደኛዬ አስጠንቅቆኛል። ዓሣ ራስ ስሰጠው ግን ገመዱን ይረሳዋል። እውነቱን ለመናገር ከመተማው ማታ ይልቅ ያ ይሻለኝ ነበር።

ይሻለኝ ነበር ስል ግን ሁልጊዜ አይደለም። እዚህ ጋ ነው ሰው መናገር የማይወደው ነገር ያለው። የማይድን በሽተኛ የሚያስታምም ሁሉ፣ በሽተኛው ሰውም ይሁን ውሻ፣ አንዳንድ ማታ በሽተኛውን ይጠላዋል። እኔ ጠልቼዋለሁ። ሰርግ ተጠርቼ አዳር ስለማልችል ሳልሄድ ስቀር፣ ቤት ገብቼ ያንን ቡላ ፊት ሳየው «አንተ ባትኖር» ብያለሁ። እሱ ጅራቱን ይቆላል። ከዚያ ወራት ሳይወድቅ ቆየ፣ እኔም «ድኗል» ማለት ጀመርኩ። ክኒኑ የሠራውን እንደዳነ ቆጠርኩት።

ጥምቀት 2012 መጣ። በዚያው ታኅሣሥ ዩኔስኮ ቦጎታ ላይ ባደረገው ስብሰባ ጥምቀትን ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶት ነበርና፣ ያን ዓመት ጎንደር ያልሄደ መቼ ሊሄድ ነው ተባለ። ሰሊጡ ተሽጧል፣ ገንዘብ በእጅ አለ፣ መንገዱ ደርቋል። «ዶሮ፣ ዘንድሮም ልትሰፍር ነው?» አሉኝ። ሄድኩ።

ቡላን የተውኩት ከጎኔ ሻይ ቡና ለሚሸጡት እትዬ ነው። ልጃቸው ሰባተኛ ክፍል ነበር፤ ተማሪዬ ነው፣ ቡላን ከእኔ እኩል ይወደዋል። ክኒኑን በላስቲክ ቋጥሬ ሰጠኋቸው።

«ምንድን ነው ይሄ፣ መምህር?» አሉ እትዬ።

«ቫይታሚን ነው። ጠዋትና ማታ በዳቦ ይስጡት። ቢረሱም ችግር የለውም።»

ከሁሉም የከፋችው የመጨረሻዋ ናት። ማንም አልጠየቀኝም፤ «ቢረሳ ምን ይሆናል?» ያለ የለም። በይሉኝታ ነው የጨመርኳት፤ የበዓል ሥራ ባለበት ቤት ሸክም ላለመሆን። እውነቱን ብናገር ደግሞ «የሚጥል በሽታ ያለበት ውሻ ከልጄ ጋር አላስተኛም» ይሉኝ ይሆናል፣ ጉዞዬም ይቀራል። ስለዚህ አልተናገርኩም። በሌላው ዓለም ሽርሽር ሲወጣ ውሻ የሚያስጠብቅ ሰው በቀን ሂሳብ ይከፍላል፣ የሚጠብቀውም መመሪያ ተጽፎ ይሰጠዋል። እኛ ዘንድ ያለው ጎረቤት ነው። የኛ ጎረቤት ከዚያ የበለጠ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ግን ካልነገሩት ምን ያድርግ?

ጎንደር ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን አልክድም። የከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ከሕዝቡ ጋር ወረድኩ፤ እስክስታ መታሁ፣ ድምፄ እስኪዘጋ ዘፈንኩ፣ 12 ሰዓት ሲያልፍ ሰዓቴን አላየሁም። ምን ያህል ቀለለኝ መሰላችሁ።

በማግስቱ ጥር 11 ጠዋት፣ ውሃው ሲባረክ፣ ለተመልካች ከእንጨት የተሠራው መደርደሪያ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ፤ የተጎዳው ብዙ ነው። እኔ ራቅ ብዬ ነበር። ወሬው በአንድ አፍታ አገር አዳረሰ፤ ጎንደር ሰው ያለው ሁሉ መደወል ጀመረ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ስልኬ ያለማቋረጥ ይጮሃል። እናቴ፣ እህቶቼ፣ የድሮ ጓደኞቼ። ከነዚህ መሐል እትዬ ደጋግመው ደውለዋል። እንደሌላው ሁሉ «ተርፏል ወይ» ሊሉ ነው ብዬ፣ ለሁሉም አንድ መልእክት ላክኩ፦ «ደህና ነኝ፣ አትስጉ። መልካም በዓል።» ከዚያ ባትሪዬ እንዳያልቅ ስልኩን ዘጋሁት።

እትዬ የደወሉት ስለ እኔ አልነበረም።

የከተራ ማታ እነሱም የራሳቸው በዓል ነበራቸው፤ ቡላ ክኒኑን አልወሰደም። በማግስቱ ጠዋትም። ጥፋት አይደለም፤ «ቢረሱም ችግር የለውም» ተብለዋል። ቀትር ላይ ጥሎት ተነሳ። ልጁ አይቶ ለእናቱ ነገረ፤ እናቱ «ውሻህ ወደቀ፣ ምን እናድርግ?» ሊሉኝ ደወሉ። መልእክቴ ሲደርስ ልጁ አነበበላቸው። አትስጉ ይላል። አልሰጉም።

ጥር 12 ቡላ ወድቆ ሳይነሳ ደግሞ ይጥለው ጀመር። ልጁ ጭንቅላቱ ከድንጋዩ ጋር እንዳይጋጭ ብሎ በእጁ ሊደግፈው ሄደ፤ ጥርሱ እጁ ላይ ገጠመ። ደም ሲያዩ እናቱ ጮኹ። ጎረቤት ወጣ። አረፋ፣ ደም፣ የተነከሰ ልጅ። ከዚያ የሆነውን መዘርዘር አልፈልግም። የገደሉት ሰዎች ትክክል ነበሩ፤ እኔም እነሱን ብሆን፣ የማውቀው የሚያውቁትን ብቻ ቢሆን፣ ዱላ አነሳ ነበር። ልጁ ቆሞ አይቷል። «አላበደም» ብሎ ሊጮህ የሚችልበት አንዲት ቃል ነበረች፤ ያቺን ቃል ይዤ ጎንደር የነበርኩት እኔ ነኝ።

ስመለስ ለልጁ የገዛሁት ቲሸርት በእጄ ነበር። እጁ ታስሯል። ቡላን ከከተማው ውጭ ወስደው ቀብረውታል።

ልጁን ካየው የጤና ባለሙያ ጋር የተነጋገርነው አጭር ነው። ውሻው ለዓመታት የሚጥል በሽታ እንደነበረበት፣ እንዳላበደ ነገርኩት። «የእብድ ውሻ ክትባት ተከትቧል?» አለኝ። አልተከተበም፤ የሚከትብ ሰው ዘንድ ብወስደው ስለ ጤናው ይጠይቀኛል ብዬ አልወሰድኩትም። «ውሻው የት አለ?» ተቀብሯል። «በሕይወት ቢኖር አስረነው 10 ቀን እንጠብቀው ነበር፤ በደህና ቢቆይ መርፌውን እናቆመው ነበር። አሁን ያንተን ቃል ብቻ ይዤ በልጅ ሕይወት አልቆምርም።» ልክ ነበር። የሚጥል በሽታ ያለበት ውሻ በእብደት አይያዝም ያለ የለም።

ስለዚህ ልጁ መርፌውን ጀመረ። ክትባቱ ያለበት ድረስ እኔ ነበርኩ የማመላልሰው። አንድ ጊዜም አላለቀሰም። ከመርፌው ስንመለስ መኪና ላይ መስኮት መስኮቱን እያየ እንዲህ አለኝ፦

«ቲቸር፣ ቫይታሚን ካልነበረ ለምን ቫይታሚን ነው አሉን?»

«ትፈራላችሁ ብዬ ነው።»

«እኔ አልፈራም ነበር» አለ።

እትዬ ብዙ ጊዜ ምንም አላሉኝም። ቡናቸውን ያቀርቡልኛል፣ ሂሳቤን ይቀበሉኛል። አንድ ቀን ደንበኛ ሳይኖር ሲኒውን እያጠቡ ተናገሩ፦ «ለውሻህ አዝኛለሁ፤ ቤቴ በልቶ ያደረ ነው። ልጄ ሞቶ ቢሆን ግን ምን ብዬ ነበር የማለቅሰው? ቫይታሚን ገደለብኝ ብዬ?» የምመልሰው አልነበረኝም። ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ «እግዜር ይቅር ይበልህ» አሉኝ። ያ መልስ ምን ማለት እንደሆነ አማርኛ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ለንስሐ አባቴም ሄጃለሁ። «ዋሽቻለሁ» አልኳቸው። «ለማን?» አሉኝ። «ለጎረቤቴ።» ስግደት ሰጡኝ። ስለ ውሻ መሆኑን አላነሳሁም፤ ከመስቀሉ ፊት ቆሜ ውሻ መጥራት ከበደኝ። ንስሐዬም እንደዚያው ግማሽ ሆኖ ቀረ፤ ስግደቱን ግን ሙሉውን ሰገድኩ።

ሁለት ውሸት ነበር ያልኩት? ሦስት ነው። ዓመት ካለፈ በኋላ ገንደ ውሃ መንገድ ላይ ያ መድኃኒቱን የሸጠልኝ ሰው አገኘኝና እጄን ይዞ «ትንሹ ወንድምህ እንዴት ሆነ?» አለኝ። አልረሳውም። «ሞተ» ብል ሰውየው ለሌለ ሕፃን ሐዘን ይቀመጣል፤ «ውሻ ነበር» ብል ያን ሁሉ ምክሩን መሬት ላይ እደፋበታለሁ። «ተሻለው» አልኩት። «ተመስገን» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ። ይህ ጽሑፍ እጁ ቢገባ፣ እኔ መሆኔን በ18 ኪሎዋ ያውቀኛል። ይወቀኝ።

አሁን የማውቀው ለቡላ አይጠቅመውም። ያን የጥር ሳምንት ለልጁ ጽፌ መተው የነበረብኝ ወረቀት ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም። ይኸውና፦

«ቡላ የሚጥል በሽታ አለበት። አላበደም። ላስቲኩ ውስጥ ያለው መድኃኒት ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት አንድ ተኩል፣ ዳቦ ውስጥ። ብትረሳ እንዳስታወስክ ስጠው፤ የሁለት ጊዜውን ግን ባንዴ አትስጠው። ቢወድቅ አትያዘው። ምላሱን አይውጥም፤ እጅህን ወደ አፉ አታስጠጋ። አጠገቡ ያለውን ድንጋይና ዕቃ አርቅና ሰዓት እይ። አምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው፣ ደውልልኝ፤ የሐኪሙ ጓደኛዬም ቁጥር ከጀርባው አለ። ሲነሳ ለጊዜው አያውቅህም፤ የግቢውን በር ዝጋና ተወው፣ ራሱ ይመለሳል። ሰው ከተሰበሰበ ይህን ወረቀት አንብብላቸው። ከነከሰህ ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠበው፣ ከእናትህ ጋር ወዲያው ጤና ጣቢያ ሂድ፤ ውሻውን እሰሩት እንጂ አትግደሉት። ስልኬን ካላነሳሁ ደግመህ ደውል። በዓል ላይ ነው ብለህ አትተው።»